አንድ ስንዝር ከልብ

አራት ስፒል በከንፈሯ፣ አንድ በጣቷ ይዛ፣ የአንዲት ተማሪ ቀሚስ ጠርዝ ታጥፋለች። ታጥፍና ትሰካለች፤ ራቅ ብላ ታያለች፤ አልወደደችው እንደሆነ ነቅላ እንደገና ትሰካለች። ሜትሩ እንደ ነጠላ በትከሻዋ ላይ ጣል ብሏል እንጂ እምብዛም አትነካውም። ልኳ ስንዝሯ ነው። ስንዝሯ ካልበቃ ዓይኗ አለ። ሰው ገና በሩን ሳያልፍ የወገቡን ስፋት ታውቃለች ይሏታል፤ ሰፈሩም «እትዬ ልኬ» ብሎ የሰየማት ለዚህ ነው። ስፒል ነክሳ ማውራት ስለለመደች፣ አንዳንድ ደንበኛ መንገድ ላይ ሲያገኛትና አፏን ከፍታ ስታናግረው ድምጿን አይለየውም።

አንዱ ስፒል ከጣቷ አምልጦ ወለሉ ላይ ወደቀ። እሷ ስፒል ሲወድቅባት በዓይኗ አትፈልግም። ፊቷን ወደ ግድግዳ መለስ አድርጋ እጇን ወደ ጉያዋ ሰደደችና፣ በአበባ ጨርቅ የተለበጠች አንዲት ክብ ነገር ፈታ አወጣች። ወለሉን ዳበስ ስታደርገው ያ ስፒል፣ ከእሱም ጋር የትናንቱና የከትናንት ወዲያው፣ ጠቅ ጠቅ እያሉ ተለጠፉባት። «ለቃሚዬ» ነው የምትላት። ጎረቤቷ፣ ሞባይል ጠጋኙ፣ ከተበላሸ ስፒከር ውስጥ ፈልቅቆ ያወጣላት ማግኔት ናት። ጨርቁን ያለበሰቻት፣ ጠርዟን የዘመዘመችው፣ ማንጠልጠያ ያበጀችላት ራሷ ናት። ስድስት ዓመት አብረው ሠርተዋል።

ስፒሎቹን አራግፋ ለቃሚዋን ወደ ቦታዋ መለሰች። ቀሚሱ የመጨረሻው ነው። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ነገ ከቀትር በፊት የሱቁን ቁልፍ ለአከራዩ ልታስረክብ ቃል ገብታለች። ሃያ ሁለት ዓመት የቆየችበት ሱቅ ነው። ርዝመቱ አሥራ ስምንት ስንዝር፣ ወርዱ አሥራ አንድ። በሩ ሲከፈት ሲጢጥ ይላል፤ ዘይት ብትቀባው ኖሮ ሰው መግባቱን በምን ታውቅ ነበር?

ነገሩ እንዴት እዚህ ደረሰ ቢባል፣ የጀመረው ከአራት ወር በፊት ነው። ጨርቅ እየቆረጠች ሳለ ዓይኗ ጨለመባትና መቀሱን እንደያዘች ተዘረረች። ሐኪም ቤት ሲያዩዋት ልቧ ዘገምተኛ ሆኖ ተገኘ፤ አንዳንዴም ቆም ብሎ የሚያስብ ዓይነት። ከግራ የደረት አጥንቷ በላይ፣ ከቆዳዋ ሥር፣ የክብሪት ቀፎ የማታክል የልብ ምት ማስተካከያ ቀበሩላት። ልቧ ሲዘገይ ቀስ ብላ ትጎሽመዋለች፤ በራሱ ሲመታ ዝም ብላ ትሰማዋለች። እሷም ሁለት ማሽን አለኝ ማለት ጀመረች፤ ትልቋ ሱቅ ውስጥ፣ ትንሿ ደረቷ ውስጥ። ፋሻው የተነሣ ዕለት መስታወት ፊት ቆማ ጠባሳዋን ለረጅም ጊዜ መረመረች።

«ምነው? አመመሽ?» አላት ታላቅ ወንድሟ።

«ኧረ ደህና ነው። ስፌቱ ጥሩ ነው። መጨረሻው ላይ ግን ክሩን ቸኩሎ ነው የቋጠረው።»

ይህ ወንድሟ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ከእህቱ ጋር ይኖራል። ስሙ ጋሽ ራዲዮ ነው፤ ስሙንም ያወጣለት ጠባዩ ነው። ጠዋት ራዲዮውን ይከፍታል፤ ዋና ዋናዎቹን ይሰማል፤ ዝርዝሩ ሳይጀመር ኮቱን ደርቦ ወሬውን ለሰፈሩ ሊያደርስ ይወጣል። ሆዱ ግን ቂም የማያውቅ፣ እህቱን እንደ ዓይኑ ብሌን የሚያይ ሰው ነው።

ከሐኪም ቤት ሲወጡ አንድ ወረቀት ሰጥተዋቸው ነበር። ሰባት ምክር አለበት። ጋሽ ራዲዮ መነጽሩን አድርጎ ጮክ ብሎ አነበበ፤ «አንደኛ፤ ሞባይል ስልክን ከደረትዎ ያርቁ።» ከዚያ መነጽሩን አወለቀ፣ ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፈ፣ «ሰማሽ አይደል?» አለና ከጡረታ ወረቀቶቹ ጋር ቆለፈበት።

እሷ ደግሞ እንደ ብዙ እኩዮቿ ስልኳን የምትሸጉጠው በግራ ጉያዋ ነበር። ወንድሟ በዚያው ቀን ስልኩን ነጠቃትና በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስገብቶ መስኮቱ ላይ አኖረው። ልጇ በሌላ ከተማ አስተማሪ ናት፤ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሰባት ወር ሆኗታል። ቀን ቀን በጠዋቱ የዕረፍት ሰዓት ትደውል ነበር። አሁን ስልኩ ሲጠራ ጋሽ ራዲዮ ቆርቆሮውን ይዞ ግቢ ይወጣል፤ ስልኩን እንደ እባብ ከሩቅ በሁለት ጣቱ ያዝ አድርጎ ይጮኻል። «ደህና ናት! ደህና! አይ፣ አላገናኝሽም! ለልቧ ጥሩ አይደለም!» እናቲቱ ከውስጥ ሆና የራሷን ደህንነት ትሰማለች።

ጉያዋ ግን ባዶ መሆን አለመደም። ለቃሚዋ ቀድሞ በረጅም ክር ከወገቧ በታች ትንጠለጠል ነበር፤ ጎንበስ ባለች ቁጥር ከማሽኑ ጎን እየተለጠፈች ታስቸግራለች። አሁን የስልኩ ቦታ ስለተለቀቀ፣ ክሩን አሳጥራ፣ ከውስጥ ልብሷ ማንገቻ ጋር በመርፌ ቁልፍ አያያዘቻት። ከጠባሳው ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ። ቦታውን ራሷ ለክታ ነው የመረጠችው፤ ልክም ነበረች።

አርፋ ወደ ሥራዋ በተመለሰች በመጀመሪያው ሳምንት ልቧ መሮጥ ጀመረ። ድንጋጤ አይደለም፤ ድንጋጤን ታውቀዋለች። ይሄ እኩል፣ ያልተቋረጠ፣ ፈጠን ያለ ነው፤ የእሷ ማሽን ላይ የሌላ ሰው እግር ፔዳል የሚረግጥ ይመስል። ትቀመጣለች፣ ውኃ ትጠጣለች፣ ያው ነው። ማታ ቤቷ ገብታ ልብስ ስትቀይር ይተዋታል። ጠዋት ለሥራ ለብሳ ሱቅ ስትሄድ ይጀምራታል። ሐኪም ቤቱ ለክትትል የሰጣት ቀጠሮ የዚህ ሳምንት ሐሙስ ነበር፤ ከዚያ በፊት ሄዳ ሰው ማስቸገር አሳፈራት። ለወንድሟ ብቻ ነገረችው።

«እሁድስ?» አላት።

«እሁድ ምንም የለኝም።»

ጋሽ ራዲዮ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ። «እሁድ ሱቁን የሚዘጋ ሌላ ማን ነው?»

የእሷን ሱቅና የሞባይል ጠጋኙን ሱቅ የሚለያቸው አንድ ስስ ጣውላ ነው። ሰውዬው ሲያስነጥስ ከወዲህ ሆና «ይማርህ» ትለዋለች። ጋሽ ራዲዮ በማግስቱ እዚያ በር ላይ ቆሞ ስልክ ቆጠረ። «አርባ! አርባ ስልክ በአንድ ግድግዳ! ይሄ ሱቅ አይደለም፣ የስልክ በረት ነው! እህቴን ልትገድላት ነው እንዴ?»

ጠጋኙ ቀጭን፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሆነ፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይኑ ላይ ማጉያ መነጽር የሚደቅን ሰው ነው። አልተቆጣም። ጠረጴዛውን ከጣውላው አንሥቶ ወደ ማዶ ግድግዳ ወሰደ። የእሷ በር ሲጢጥ ባለ ቁጥር የተጠገኑትን ስልኮች አንድ በአንድ ያጠፋል፤ ስትወጣ አንድ በአንድ ይከፍታል። ደንበኞቹ ማጉረምረም ጀመሩ። የእሷ ልብ ግን እንደ ሮጠ ቀረ።

በመጨረሻ ጠጋኙ መጥቶ በሯ ላይ ቆመ። «እትዬ፣ ካልሆነ እኔ ሌላ ቦታ ልፈልግ። እርስዎ ቀድመውኝ ነው የገቡት።»

ያን ቀን ሙሉ፣ እየሰፋች አሰበችው። ሦስት ልጆች አሉት። ቦታውን የለመዱት ደንበኞቹ ተከትለውት አይሄዱም። የእሷ ደግሞ አንዲት ልጅ ናት፣ ራሷን ችላለች። «ሱቁን ልቀቂ» ይላት ለነበረው ወንድሟም እሺ አለችው። «ሱቅ ይተካል፣ ልብ አይተካም» አላት፤ ይህንንም ከራዲዮ ሰምቶት ይሁን ከራሱ አልታወቀም። ቁልፉ ሐሙስ እንዲመለስ ከአከራዩ ጋር ተስማሙ።

እነሆ ረቡዕ ላይ ነን። የመጨረሻውን ቀሚስ ሰክታ ጨርሳ መስቀያው ላይ አዋለችው፤ መዘምዘም ብቻ ቀርቶታል። ከመሳቢያዋ ከጥራጊ ጂንስ የሰፋችውን አንድ ጥቅል አወጣች። ለጠጋኙ መሰናበቻ ነው። ለእያንዳንዱ ካቻቢቴ እንደ ቁመቱ ኪስ አበጅታለታለች፤ ሳይነግራት በዓይኗ የለካቻቸው ናቸው።

ገባች። እሱ በሳህን የበተናቸውን፣ ከሰሊጥ ፍሬ የማይበልጡ ብሎኖች እየለየ ነበር።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ አስቸገርኩህ» አለችና ጥቅሉን ልታስቀምጥለት በጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለች።

«እትዬ! እባክዎ፣ ባሉበት! አይንቀሳቀሱ!»

«ምነው? ምን ሰበርኩ?»

«አልሰበሩም። ሰረቁኝ እንጂ።»

ቀና ስትል ሳህኑ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ቀና ያለ ሰው ደረቱን አያይም፤ እሷም የሱን ዓይን ተከትላ ነው ያየችው። ቀሚሷ ላይ፣ በግራ በኩል፣ ብሎኖቹ እንደ ጥልፍ ተሰብስበው ያብረቀርቃሉ።

«ውይ በሞትኩት!» ፊቷ ቲማቲም መሰለ። «ለቃሚዬ እኮ ናት።»

«የቷ ለቃሚ?»

«ያቺ አንተ የሰጠኸኝ ናታ።»

ጠጋኙ ማጉያውን ከዓይኑ አወረደ። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ፤ ቁጭ ከማለት ይልቅ ወደቀ ቢባል ይቀላል። «እትዬ… ማግኔቷን እዚያ ጋ ነው የሚያስቀምጧት? ከማሽኑ አጠገብ?»

«ታዲያ ምን አለበት? ስልክ አይደለች። ባትሪ የላት፣ ኮረንቲ የላት፣ አትጮህ። ስፒል ከመልቀም ሌላ ምን ታውቃለች?»

«እስቲ ያውልቋትና እዚያ ጥግ ያስቀምጧት። እኔ ፊቴን አዞራለሁ።»

ዞረ። እሷም ዞረች። መርፌ ቁልፉን ፈታ፣ ለቃሚዋን ሄዳ ከበሩ አጠገብ ባለው በርጩማ ላይ አኖረቻት። ከዚያ ሁለት ጣቷን እጇ አንጓ ላይ አድርጋ ምቷን ቆጠረች። ውጭ አንድ ጋሪ አለፈ።

«እትዬ? ምን ሆኑ?»

«ቆመ።»

«ማን ቆመ!» ብሎ ብድግ አለ።

«ሩጫው ነው እንጂ፣ ልቤማ አለ።»

ጠጋኙ ራሱን ያዘ። «እኔ ነኝ የሰጠሁዎ። በገዛ እጄ። አርባ ስልክ ሳጠፋ ሳበራ ከርሜ…»

«አንተ ምን ታደርግ? ስትሰጠኝ ልቤ ጤነኛ ነበር» አለችው። ተስፋ ማድረግ ግን ፈራች። ምናልባት ሁለቱም ይሆን? ስልኩም ማግኔቱም? «ነገ ቀጠሮ አለኝ፣ እጠይቃቸዋለሁ። ስመለስ በዚያው ቁልፉን አደርሳለሁ፤ ቃል ገብቼ የለ?»

«ቁልፉ ትንሽ ይቆይ፣ እትዬ።»

«ሰው እየጠበቀኝ እንዴት ይቆያል?» አለችው፤ ማግኔቷ ስትነሣ ከቀሚሷ የረገፉትንም ብሎኖች ከወለሉ አንድ በአንድ ለቅማ፣ ቆጥራ መለሰችለት።

ሐሙስ ጠዋት እህትና ወንድም ሐኪም ቤት ደረሱ። እሷ በቦርሳዋ ቁልፉን ይዛለች፤ ለቃሚዋን ደግሞ በፎጣ ጠቅልላ በሌላ ዘንቢል፣ በቀኝ እጇ፣ ከሰውነቷ አርቃ። ጋሽ ራዲዮ ብስኩት ቆርቆሮውን በብብቱ አቅፏል፤ ማስረጃ ነው ብሎ። ተራ መጠበቂያው ላይ ለተቀመጠው ሁሉ «ስልካችሁን አጥፉ፣ እዚህ የልብ ሰው አለች!» እያለ ሲያውጅ፣ እሷ ሻሿን እስከ ዓይኗ ሳበች።

የመረመረቻት ባለሙያ ወጣት ሴት ናት፤ እጇ ሙቅ ነው። አንድ ጠፍጣፋ ነገር ጠባሳው ላይ አኑራ ስክሪኑን ማየት ጀመረች። «እማማ፣ ይህቺ መሣሪያ የሆነችውን ሁሉ ትጽፋለች። የሚገርም ነገር አለ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ጠዋት ይጀምራል፣ ማታ ይቆማል። እሁድ የለም። ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ልብስ ሰፊ ነኝ።»

«ከጎኗ አርባ ስልክ አለ!» አለ ጋሽ ራዲዮ። «ቆጥሬዋለሁ!»

ባለሙያዋ ፈገግ አለች። የራሷን ስልክ አውጥታ፣ ደውላበት፣ እየጠራ ወደ ልብስ ሰፊዋ ደረት አስጠጋችው። ጋሽ ራዲዮ ከወንበሩ ተነሣ። «ኧረ በፈጠረሽ! ኧረ ልጄ!»

ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር እንደ ወትሮው ሄደ። ትንሽ ኮረብታ፣ ሜዳ፣ ትንሽ ኮረብታ፣ ሜዳ።

«እዚህ እያየነው ስለሆነ ነው ያደረግኩት፤ ቤት እንዳትሞክሩት» አለች። «ከግድግዳ ማዶ ያለ ስልክ ግን አርባም ይሁን አራት መቶ ምንም አያደርግዎትም።»

ልብስ ሰፊዋ ጉሮሮዋን ጠራረገችና ዘንቢሉን ጠቆመች። አፍራ በሹክሹክታ ስለ ለቃሚዋ ተናገረች። ባለሙያዋ ፎጣውን ፈትታ ማግኔቷን ወደ ጠባሳው ስታስጠጋት መስመሩ ወዲያው ተለወጠ፤ ሜዳው ጠበበ፣ ኮረብታዎቹ ተጠጋግተው፣ እኩል እኩል፣ መሮጥ ጀመሩ።

«ይኸው! ይሄ ነው! እሱ ነው!» አለች ሴትዮዋ፣ የጠፋ ዘመድ ያገኘች ይመስል።

«ተሠርታ የመጣችው እንዲህ ነው» አለች ባለሙያዋ ማግኔቷን አርቃ። «ማግኔት ሲጠጋት ልብዎን መስማት ትተውና በራሷ ቆጠራ ትመታለች። እኛም ለምርመራ እንጠቀምበታለን። ሲርቅ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። አልተበላሸችም፤ ልብዎም አልተጎዳም። ግን ቀኑን ሙሉ እንዲህ መሆን የለበትም። ወረቀት አልሰጡዎትም ነበር?»

ሁለቱም ወደ ጋሽ ራዲዮ ዞሩ። ከኮቱ ኪስ አራት ቦታ የታጠፈውን ወረቀት አወጣ።

«እስቲ ያንብቡልን።»

«አንደኛ፤ ሞባይል ስልክን ከደረትዎ…»

«ይቀጥሉ።»

«ሁለተኛ…» እያለ ቀጠለ። ሦስተኛውንም አነበበ። አራተኛው ላይ ድምፁ ባትሪው እንዳለቀ ራዲዮ ወረደ። «…ማግኔትና ማግኔት ያለባቸውን ዕቃዎች…» መነጽሩን አውልቆ ጠረገው፤ ንጹሕ ነበር።

«ላም ባልዋለበት ኩበት ስንለቅም ከረምን» አለች እህቱ፣ ቀስ ብላ፣ እጁን ነካ አድርጋ። ከዚያ ወደ ባለሙያዋ ዞረች። «ሱቁንስ ልተወው?»

«የትኛውን ሱቅ?»

«የምሠራበትን። ማሽኔ በእግር ነው።»

«ለምን ይተዉታል? ይሥሩ እንጂ። ማግኔቷን ከደረትዎ ያርቋት፤ ስልክዎን በጉያዎ አይሸጉጡ፤ ሲያወሩ በቀኝ ጆሮዎ ያድርጉት። አንድ ስንዝር ከራቀ በቂ ነው።»

«በማን ስንዝር?»

ባለሙያዋ ሳቀች። ሴትዮዋ ግን ቀልድ አልያዘችም፤ መዳፏን ዘርግታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ባለሙያዋ ማስመሪያ አምጥታ ለካችው፤ ሃያ ሴንቲ ሜትር። «አሥራ አምስት ነው የሚባለው። የእርስዎ ስንዝር ለጎረቤትም ይተርፋል።»

ወጥተው ደረጃው ላይ ሲደርሱ ጋሽ ራዲዮ ቆርቆሮውን ከፈተ። «እንቺ» አላት። ስልኩ ልክ እጇ ላይ እንዳረፈ ጠራ፤ የጠዋቱ የዕረፍት ሰዓት ደርሶ ነበር። በቀኝ እጇ ወደ ቀኝ ጆሮዋ ወሰደችው።

«ጋሼ፣ ዛሬስ እማዬ…»

«እኔ ነኝ።»

«እማ? አንቺ ራስሽ? የሚያስለቅስ ነገር አለ እንዴ?»

«የለም። ስንት ስንዝር ደረሰ ሆድሽ?»

«እኔ እንጃ፣ እማ፣ አልለካሁትማ!»

«ለኪውና ንገሪኝ። እንዲያ ሆኖ ቀሚስ እንዴት ይሰፋል?»

ጋሽ ራዲዮ ቆሞ አልጠበቃትም። ወረቀቱን ይዞ ቀድሟት ሄደ፤ መጀመሪያ ወደ ጠጋኙ። በኋላ እንደተሰማው፣ በሩ ላይ ቆሞ ሰባቱንም ምክር፣ ከአንደኛ እስከ ሰባተኛ፣ ከነዝርዝሩ አነበበለት፤ «በረት ያልኩህን ግን ተወው» ብሎም ጨመረበት። ጠጋኙ ወንበር ሰጠው፤ አርባውም ስልክ በርቶ ነበር።

እሷ ከአውቶቡስ ወርዳ መገንጠያው ላይ ደረሰች። በግራ የአከራዩ ቤት፣ ሰማያዊው የብረት በር። በቀኝ ሱቋ። ቃሏን አስባ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ሄደች። ያ የተሰካው ቀሚስ ትዝ አላት። ሳይዘመዘም እንዴት ይቀራል? ልጅቷ ሰኞ ትለብሰዋለች። መጀመሪያ እሱን ልጨርስ አለች፣ ራሷም ሳታምንበት።

በሩ ሲጢጥ አለ። በወዲያ በኩል ማንም ስልክ አላጠፋም። ቀሚሱን ዘመዘመች። ሲያልቅ ደግሞ ከቀሚሱ ጥራጊ ጥሩ ቁራጭ ተርፎ አየች፤ ለራሷ ልብስ፣ በቀኝ ዳሌ በኩል፣ የስልክ ኪስ ቆረጠች። ጠጋኙ ለቃሚዋን ከአሮጌ መጥረጊያ እንጨት ጫፍ ላይ አሥሮ አመጣላት። «ከአሁን ወዲያ እንደ መንግሥት ሰው በዱላ ይዘዟት» አላት። ስፒል ሆን ብላ ጣለችና ሞከረችው። ጠቅ አለ።

ቀትር አለፈ። አከራዩ ሰማያዊው በር ላይ ሁለት ጊዜ ብቅ ብሎ መንገዱን አየና ገባ። ቁልፉ ሱቋ በር ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ እንደተሰካ ነው። እሷም ፔዳሉን እየረገጠች «አንዷን ስፌት ልጨርስና እሄዳለሁ» ትላለች፤ ስፒል ነክሳ ስለሆነ ግን ማንም አልሰማትም።